አንቱ

ጭጋግ ከጦሳ ወርዶ ክፍላችን ሲገባ፣
ሰሌዳው ሲጠፋ፣ መምህሩ ከጉም ጋር ሲግባባ፣
ኑርዬ በክርኑ ጎሰም አደረገኝ፤
«አንተ ቃል ታውቃለህ፣ ደብዳቤ ጻፍልኝ።»
ለዘሐራ ነበር፣ ለሦስተኛው መደዳ፤
እኔም ብዕር አነሣሁ እንደ ባለ ዕዳ።

ምን ልጻፍላት? አላውቃትም።
አጠገቤ ያለውን ግን አውቀዋለሁ፦
ሳቁ ሳይመጣ ቀድሞ የሚሰረጎደውን ጉንጩን፣
ክዳን በሌለው እስክርቢቶ የጠቆረ ጣቱን፣
ዝናብ የመታው ሹራቡን፣ የበግ የበግ የሚሸተውን።
እሱን እያየሁ ጻፍኩላት።
ዐይንህ የሚለውን ዐይንሽ፣
ሳቅህ የሚለውን ሳቅሽ እያልኩ፣
በየቃሉ ጫፍ አንዲት ፊደል እየነቀልኩ፣ አንዲት እየተከልኩ።

ወደደችው።
ኑርዬ ትከሻዬን መታ፣ ሻይ በፓስቲ ጋበዘኝ።
የመጀመሪያ ደመወዜ ያ ነበረ፤
ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ከዚያ አባቴ ተዛወረ።
ዕቃችን አይሱዙ ላይ፣ እኔ ከፍራሹ ጋር ከላይ፣
ሐረጎን ስንወርድ ደሴ ስትታይ፣ ስትጠፋ፣ ስትታይ።
በየኩርባው ሙቀቱ አንድ አንድ ልብስ ያስወልቃል፤
ኮምቦልቻ ስንደርስ በካናቴራ ቀርቻለሁ።
ሌላው ግን አልወለቀም።

ጎረቤት ስሜን ሳይጠይቅ እናቴን ጠየቀ፦
«አንገቱን የደፋ ልጅ ነው፣ መቼ ሊድሩት ነው?»
«ይማር» አለች።
ተማርኩ። ተመረቅኩ። «ሥራ ይያዝ» አለች።

በጥቅምት ደግሞ ሸሸን። በእግር።
መንገዱ ሙሉ ሰው፤
ማን ማንን እንደሚወድ የጠየቀ የለም፣
ውሃ ያለው ለሌለው ያቀብላል።
ደብረ ብርሃን ትምህርት ቤት ወለል ላይ ተኛን፤
ሰሌዳው ላይ የማን እንደሆነ ያላወቅኩት ልብ ተስሎ፣
በቀስት ተወግቶ፣ ግማሽ ስሙ ተፍቆ።
ሌሊቱን ሙሉ እሱን ሳይ አነጋሁ።
ስንመለስ በሩ የለም፣ ቤቱ አለ።

ፋብሪካው ሲከፈት የሌሊት ፈረቃ ገባሁ።
ማሽኑ ሲጮህ ሰው ሰውን አይሰማም፤
አፍ ጆሮ ላይ ካልተጠጋ ቃል ቃል አይሆንም።
ይማም የሚባል መካኒክ፣ የሐርቡ ልጅ፣
የጥጥ ብናኝ ቅንድቡ ላይ አመዳይ የሠራበት፣
ዘንበል ብሎ «ክሩ ተበጥሷል» አለኝ።
ሦስት ሳምንት ሙሉ «ክሩ ተበጥሷል» አለኝ።
አንድ ሌሊት አልተበጠሰም።
እሱ ግን ዘንበል አለ።

ሰው ፊት አንቱ እንባባላለን፣ እንደ ወሎ ወግ፦
«ደኅና አደሩ?» «አልሐምዱሊላህ፣ አንቱስ?»
አንቱ ወንድ አይል፣ ሴት አይል፤
ሰፊ ነው፣ ሁለት ሰው ያለብሳል።
አከራያችን «እንዴት ያሉ ጨዋ ልጆች!» ትላለች፣
እናቴ በስልክ «ማንም የለህም ወይ?» ትላለች፤
ለሁለቱም ዝም።
በሩ ሲዘጋ «አንተ» ይለኛል።
ሃያ ስድስት ዓመት ስንቱ ጠርቶኛል በዚህች ቃል፣
ለእልቅና፣ ለጥፊ፣ ለሚዛን ተሸካሚነት፤
እንዲህ ቀስ ተብላ ስትባል አልሰማሁም ነበር።

ትናንት ደብዳቤ ጻፍኩለት። የራሴን፣ የመጀመሪያዬን።
እጄ ለምዶ «ዐይንሽ» ብሎ ጀመረ።
ሰረዝኩ።
በሞባይል መብራት አነበበው፣ ሁለቴ።
«እዚህ አገር እንዲህ ያለ ወረቀት አይቀመጥም» አለና
አጠፈው፣ አጠፈው፣ አፉ ውስጥ ከተተው።
ሲያላምጥ አየሁት።
«ምን ምን ይላል?»
ቆየ።
«ቀለሙ ይመራል። ሌላው ይዋጣል፤
የሰረዝካት ላይ ስደርስ ግን አነቀኝ።
ውሃ ስጠኝ፣ አንተ።»